ትንፍሽ እንዳትሉ

ሰው ሲተነፍስ «ተመስገን» እንላለን፤ ጎማ ሲተነፍስ «ወይኔ ጉዴ!» ግሡ አንድ ነው። ሐኪም ከሕሙማን ክፍል ወጥቶ ኮሪደር ላይ ለተኮለኮሉት ቤተ ዘመዶች «ይተነፍሳል» ቢላቸው እግሩ ላይ ይወድቃሉ። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ረዳት ይህንኑ ቃል ከኋላ ጎማ ሥር ብቅ ብሎ ቢናገር ግን ስልሳ መንገደኛ ባንድ አፍ ያማርራል፤ ያውም ማማረር ከመጀመሩ በፊት በረጅሙ ይተነፍሳል። አማርኛ ለሕይወት ምልክትና ለመንገድ ዳር መከራ ሁለት ቃል ማባከን አልፈለገም።

የዚህ ግሥ ሊቅ ማነው ብትሉኝ የሰፈራችን ጎሚስታ ነው እላለሁ። አስፋልት ዳር አንድ ያረጀ ጎማ አቁሞ በነጭ ቀለም «ጎሚስታ» ብሎ ጽፎበታል፤ ከዚህ ሌላ ቢሮም ታፔላም የለውም። ጎማውን ይፈታል፣ የውስጡን መዝዞ ያወጣል፣ ይነፋዋል፤ ከዚያ ለሁለት የተቆረጠ በርሜል ውስጥ ባለ ጥቁር ውሃ እየነከረ ቀስ አድርጎ ያዞረዋል። ውሃው ዝም። አሁንም ዝም። ድንገት አንድ ቦታ ላይ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ሲጀምር ጣቱን እዚያ ላይ ያሳርፍና ቀና እንኳ ሳይል «እዚህ ጋ ትተነፍሳለች» ይላል። ጎማ ለሱ ምንጊዜም ሴት ናት። በርሜሉ ካላሳየው ደግሞ ሌባ ጣቱን በምራቁ አርሶ ቫልቩ አፍ ላይ ይለጥፋል፤ ምራቁ አረፋ ሆኖ ካበጠ ወንጀለኛው ተገኘ ማለት ነው።

ማታ ተነፍታ ጠዋት ተኝታ የምትገኝ አንዲት የኋላ ጎማ ነበረችኝ። «ፈንድታ ይሆን?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ኧረ ጋሼ፣ የፈነዳችማ ምን ችግር አላት? ድምፅዋ ይሰማል፤ ቆም ብለው ይቀይሯታል። እንዲህ ሰው ሲተኛ ጠብቃ ቀስ እያለች የምትተነፍሰዋ ናት የምታስቸግር።»

ይህን ሲለኝ የመሥሪያ ቤታችን ሁለት ባልደረቦች ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ። እነሱ ዘንድ ኋላ እደርሳለሁ።

ልብ ካላችሁት ተነፈሰ ፊቱን ያዞረው ወደ ውጭ ነው። ኳስ ሲተነፍስ ባዶ ይቀራል፤ እብጠት ሲተነፍስ ይሟሽሻል፤ ጉረኛ ሲያስተነፍሱት የተቀመጠበት ወንበር ይሰፋዋል፤ ምስጢር ሲተነፍስ አደባባይ ይውላል። ወደ ውስጥ ለሚገባው አየር ግን ለብቻው የሚሆን ግሥ የለንም ማለት ይቻላል፤ «ሳብ» ወይም «ማግ» እያልን ከሲጋራና ከንፍጥ እንበደራለን። ለነገሩ ስላስገባነው አየር የጠየቀን ማንም የለም፤ ጣጣው ያለው የሚወጣው ላይ ነው።

ይህን ያረጋገጠችልኝ አክስቴ ናት። ሳል አላስተኛ ብሏት አንድ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ተረኛው ጢሙ ገና ያልጠነከረ ልጅ ነው፤ ጨዋ። እጅ ነሥቶ አስቀመጣትና ነጠላዋን ከትከሻዋ ገለጥ አድርጎ ማዳመጫውን ጀርባዋ ላይ አሳረፈ።

«እማማ፣ በደንብ ይተንፍሱ።»

አክስቴ ዞር ብላ አየችኝ። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም። ከዚያ ተነፈሰች።

«ምን ልበልህ ልጄ… ቤቱ የቀበሌ ነው። ጣራው ማፍሰስ ከጀመረ ይሄው ሁለት ክረምት። ትንሹ ልጄ ደግሞ ዐረብ አገር ያለችው እኅቱ ለቆርቆሮ ብላ የላከችውን ብር…»

«እማማ፣ አይናገሩ፤ ይተንፍሱ!»

«እየተነፈስኩ ነው እኮ የኔ ጌታ!»

ልጁ ጆሮው በማዳመጫው ስለተደፈነ የሚሰማው ቃል ሳይሆን ጉርምርምታ ነው። ማዳመጫውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከላይ ወደ ታች ባዘዋወረ ቁጥር አክስቴ የተፈቀደላት መስሏት አዲስ ምዕራፍ ትከፍታለች። በቀኝ ትከሻ በኩል የጣራው ጉዳይ አለቀ። በግራ ትከሻ የቆርቆሮው ብር ወዴት እንደገባ ተነገረ። ጎኗ ላይ ሲደርስ ከባሏ ወንድም ጋር ያላት የርስት ክርክር ተጀመረ። ልጁ ተስፋ ቆርጦ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ ሲያንጠለጥል እሷ ገና ይግባኝ ላይ ነበረች። በመጨረሻ ሽሮፕ አዘዘላት። ሽሮፑን ከፍታው አታውቅም፤ ሳሉ ግን ለቀቃት። «ሐኪም ማለት እሱ ነው» ትላለች እስከ ዛሬ። «ሌላው ፊት ለፊት ተቀምጦ አይሰማም፤ እሱ ጀርባዬን ሰጥቼው እንኳ ሰማኝ።»

የራጅ ክፍል ባለሙያ እንዲህ ዓይነት ወጥመድ ውስጥ አይገባም። ደረታችሁን ቀዝቃዛ ሰሌዳ ላይ ያስለጥፍና «ሳብ… ያዝ! እንዳትተነፍስ!» ብሎ በሩን ዘግቶ ይወጣል። ማሽኑ ቀጭ ይላል። ከዚያ ጸጥታ። አንዳንዱ ባለሙያ «ተንፍስ» የሚለውን ይረሳዋል፤ አንዳንዱ ሰውዬ ደግሞ እስኪፈቀድለት ዓይኑን በሩ ላይ አፍጥጦ ይጠብቃል። ታዛዥ ሕዝብ ነን።

እርግጥ ማንም ባይፈቅድልንም እንተነፍሳለን። ዐዋቂ ሰው ዐርፎ በተቀመጠበት በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ በያንዳንዱም ግማሽ ሊትር ያህል አየር ይገባል፣ ይወጣል። በቀን ሲሰላ ወደ 20 ሺህ ጊዜ ግድም ይሆናል። ደረሰኝ ሳንቆርጥ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሳይታሰብብን የምንጠቀምበት ነገር ይሄ ብቻ ስለቀረ ቁጥሩን ባልጽፈው ይሻል ነበር። ማን እንደሚያነበው አይታወቅም።

ከአፍና ከአፍንጫ ሌላ መተንፈሻ እንዳለን በጨዋ ደንብ አናነሣም። ይህ ጨዋነት የሚፈርስበት አንድ ቦታ ግን አለ፤ ሆዱን የተቀደደ ሰው የተኛበት ክፍል። ትርፍ አንጀት የወጣለትን ዘመድ ልትጠይቁ ሙዝና ጁስ ይዛችሁ ትገባላችሁ። ነርሷ ሙዙን ታያለች፣ ታማሚውን ታያለች፣ ከዚያ ሰው አለ የለም ሳትል «አየር ወጥቷል?» ትላለች። ካልወጣ መብላት የለም። ታማሚው ታዲያ ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር ሊሆኑ ይችላሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን ፊታቸው ላይ ተማሪ አስነጥሶ የማያውቅ። አሁን ልጃቸው፣ ምራታቸው፣ የንስሐ አባታቸውና የዕድሩ ዳኛ አልጋቸውን ከበው አንዲት ድምፅ ይጠብቃሉ። ወሬ ሁሉ ሰው ሠራሽ ይሆናል፤ ስለ ዝናብ ይወራል፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ይወራል፣ ጆሮ ግን ብርድ ልብሱ ላይ ነው። በመጨረሻ ምራትየው ኮሪደር ላይ ሮጣ ወጥታ «ተነፈሱ! ጋሼ ተነፈሱ!» ስትል የሚቀልጠውን እልልታ የሰሙ የሌላ ክፍል አስታማሚዎች «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ይመጣሉ።

ትርፍ አንጀት ካነሣን አይቀር፣ አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ቶኪዮ የሮጠው ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ነው። ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ከሮም ቀጥሎ ሁለተኛ ወርቁ መሆኑ ነው። ዓለምን ያስደነገጠው ግን ሰዓቱ ብቻ አልነበረም። ገመዱን በጥሶ ካለፈ በኋላ ሜዳው ውስጥ ገብቶ ሣሩ ላይ ጋደም አለና እግሩን ወደ ላይ እያነሣ ሰውነቱን ማፍታታት ያዘ። ሁለተኛው ሰው የጨረሰው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው። ያን ፊልም ባየሁት ቁጥር ትንፋሽ የሚያጥረው እኔን ነው።

ለዚህ ጉዳይ የተማሩ ሰዎች የከፍታን ነገር ያነሣሉ። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን እዚህም ዋሽንግተንም 21 በመቶ ነው፤ የሚለየው ግፊቱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለተቀመጠች የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። እኛ ስላደግንበት አይታወቀንም። ከአሜሪካ የመጣ የአጎቴ ልጅ ግን ያውቀዋል። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። እሱ ሻንጣውን ተሸክሞ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ የደረጃውን ብረት ይዞ ቆመ። አፉን ከፍቶ ይዘጋል፤ ቃል የለም። በዚህ መሀል ውሃ ጠፍቶ ስለነበር ጎረቤታችን እትዬ ሃያ ሊትር ጀሪካን በትከሻቸው አዝለው ከሥር መጡ። አጠገቡ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ እንደ አገር ባህል እናቱን፣ አባቱን፣ እዚያ አገር ያሉትን ዘመዶች ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ጠይቀው ጨረሱና «መልስ አትሰጥም እንዴ? ፈረንጅ አገር ኩራት አስተማረህ?» ብለውት አለፉ።

እትዬን ያየ ተመራማሪ ቢኖር ደስ ባለኝ ነበር። ለነገሩ ቀረብ ያለ ነገር ተጠንቷል። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር ስሜን ተራሮች ድረስ ወጥተው 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ የአገራችንን ሰዎች ደም መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱን አሳትመዋል። የአንዲስ ሰው ከፍታን የሚቋቋመው ሄሞግሎቢኑን አብዝቶ ነው፤ የቲቤት ሰው ኦክስጅኑ አንሶም ይኖራል። የኛዎቹ ግን ሄሞግሎቢናቸውም በደማቸው ያለው ኦክስጅንም ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚኖር ሰው እምብዛም የማይለይ ሆኖ ተገኘ። እዚያ ላይ ተቀምጠው ምንም እንዳልተፈጠረ ይኖራሉ ማለት ነው። ነገሩ አልገረመኝም። ሌላውንም ነገር የምንኖረው እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ሳንባ ይዘን ነው ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ መስኮት የምንዘጋው።

ሰዓቱ የሥራ መውጫ ነው። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ሦስት ሰው አስገብቷል። ውስጡ የላብ፣ የሽቶ፣ የሽንኩርት ፌስታልና የርጥብ ሹራብ ሽታ ነው። መሀል ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ይማጸናል።

«እባካችሁ መስኮት ክፈቱልን፣ እንተንፍስ!»

«ኧረ ንፋስ ነው፣ ይዘጋ! ላብ ላይ ነኝ፣ ይመታኛል» ትላለች አንዷ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ እየሳበች።

«ሴትዮዋ እውነታቸውን ነው፤ እኔም ባለፈው ጎኔን ወግቶኝ ሳምንት ተኝቻለሁ።»

«ታዲያ ታፍነን እንሙት?»

«በንፋስ ከመሞት መታፈን ይሻላል!»

ይህን የመጨረሻውን ሰው አውቀዋለሁ፤ የቋንቋ ሊቅ ባይሆንም ነገሩን ጨርሶታል። መተንፈስ እንፈልጋለን፤ ንፋስ እንፈራለን። ከአንድ እናት የተወለዱ ሁለት ቃላት ናቸው፤ አንዱን ቤት አስገብተን ሌላውን ደጅ እንዘጋበታለን። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው መስኮቱ ሁለት ጣት ያህል ተከፍቶ ነው፤ በሁለት ጣት የሚገባ ንፋስ ደግሞ እንደ መርፌ ስለሚወጋ ሁለቱም ወገን ተሸንፎ ይወርዳል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና የገባ ሰሞን ብቻ ነው የመስኮት ክፈቱ ወገን ድል ያደረገው። ታክሲው ግማሽ ሰው ጭኖ፣ ሂሳብ እጥፍ ሆኖ፣ ሁሉም አፍና አፍንጫውን በጭምብል ሸፍኖ፣ መስኮቶቹ ወለል ብለው ተከፍተው ነበር። ጭምብሉ እንደወረደ መስኮቱም ተዘጋ። ንፋስ የመታው ደግሞ ማታ ጋቢ ተከናንቦ በባሕር ዛፍ ቅጠል ይታጠንና አፍንጫው ሲከፈትለት «ኡፍፍ፣ አሁን ተነፈስኩ» ይላል።

ወደ መሥሪያ ቤት ልመልሳችሁ። «ትንፍሽ» የሚባለው ቃል በደህና ቀን ብቅ አይልም። «ትናንት ትንፍሽ አልኩ» ሲል የሰማችሁት ሰው አለ? «ትንፍሽ እንዳትል»፣ «ትንፍሽ ብትል ወዮልህ»፣ «እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላልኩም» ብቻ ነው። በክልከላና በዛቻ የሚኖር ቃል ነው። ያደግነውም በዚሁ ነው፤ «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም»፣ «ሆድ ይፍጀው» እየተባልን። ሆዳችንም ሲፈጀው ኖሮ ጨጓራ ይባላል።

የፈነዳው የመሥሪያ ቤት ወሬ አያስፈራኝም። ደብዳቤው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ ይነበባል፣ ይረሳል። የሚያስቸግረው ቀስ እያለ የሚተነፍሰው ነው። ከሁለቱ ባልደረቦቼ አንደኛው ጠዋት ቡና ልንጠጣ ስንወርድ ክንዴን ይይዘኛል፤ ዙሪያውን ያያል፤ ማንም በሌለበት ደረጃ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኃላፊው ሊነሡ ነው። ላንተ ብቻ ነው የነገርኩህ፤ ትንፍሽ እንዳትል» ይላል። ሁለተኛው ይህንኑ «ላንተ ብቻ» የተባለ ነገር ሒሳብ ክፍል ውስጥ ለአራት ሰው ባንድ ጊዜ ይነግራል። ለየብቻ ቢነግራቸው ጊዜ ይፈጅበታላ። ምሳ ሰዓት ላይ ከበር ስወጣ ጥበቃው ብድግ ብሎ ሰላምታ ከሰጠኝ በኋላ ጠጋ ይለኛል። «ጋሼ፣ ይቅርታ… ሰምተው ከሆነ ብዬ ነው። ግን ከኔ ሰማሁ እንዳይሉ።» ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ራሳቸው ቢሯቸው ጠርተውኝ በሩን ዘጉና «ለመሆኑ የት ነው የሚያዛውሩኝ? አንተ ሰምተሃል አሉ» አሉኝ።

ወሬ እዚህ ሲደርስ ተነፈሰ አይባልም፤ ተናፈሰ ይባላል። አንድ ሰው ሲያወጣው ትንፋሽ ነው፤ ሲበዛ ነፋስ ይሆናል። የሚገርመኝ ታዲያ ሰውም ወሬም በአንድ ግሥ መናፈሳቸው ነው። ጡረተኞች «ትንሽ ልናፈስ» ብለው ከቤት ይወጣሉ፤ መናፈሻ ገብተው ጥላ ሥር አግዳሚ ወንበር ይይዛሉ፤ ከዚያ ማን እንደሚሾም፣ ማን እንደሚሻር፣ የዶላር ምንዛሪ የት እንደሚደርስ ያናፍሳሉ። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ከተከፈተ ወዲህ የሰፈራችን ሽማግሌዎች አንድ ቀን ተሰባስበው ወጥተው ነበር። ለአየሩ ነው ያሉት። ሲመለሱ ስለ አየሩ የተናገረ አልነበረም፤ የከንቲባ ጽሕፈት ቤት ማን ማን እንደገባ ግን እስከ ተላላኪው ድረስ ዘርዝረው መጡ።

ለማይናፈሰው ነገር ደግሞ ማስተንፈሻ አለ። ስብሰባ ማለቴ ነው። ግሡ እዚህ ላይ አስተነፈሰ ይሆናል፤ ሰው በገዛ ፈቃዱ የሚተነፍስ መስሎት ሳለ ሌላው ቫልቩን ይዞለታል። ሰፈራችን ውሃ በሳምንት አንድ ቀን፣ ያውም ሌሊት የሚመጣበት ወቅት ነበር። ነዋሪው አበጠ። ይህን ያዩ ሹሞች አዳራሽ ጠሩን። ሰብሳቢው «ዛሬ ቤቱ ሐሳቡን በነፃነት ይስጥ፤ ማንም ሰው በተናገረው አይጠየቅም» ብለው ከፈቱት። ከጎኔ የተቀመጡት አዛውንት እጃቸውን ሲያወጡ ይንቀጠቀጡ ነበር። ማይክ ሲደርሳቸው ብድግ ብለው ተናገሩ፤ አዳራሹ አጨበጨበላቸው፤ አንድ ልጅ ታሽጎ የመጣ ውሃ ሰጣቸው። ጠጥተው ተቀመጡና ጉልበቴን መታ አድርገው «ቀለለኝ» አሉኝ። አራት ሰዓት ሙሉ ሁሉም በየተራው ቀለለው። ቃለ ጉባኤው ላይ «ከተሳታፊዎች ልዩ ልዩ ሐሳቦች ተነሥተው ሰፊ ውይይት ተደርጓል» ተብሎ ተጻፈ። ከአዳራሹ ስንወጣ በሩ አጠገብ የሐሳብ መስጫ ሣጥን ተሰቅሏል። ቁልፉ ዝጓል፤ ቀዳዳው ላይ ሸረሪት አድርታበታለች።

በዚያው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው ተነፈሰ። ቀልዴን አይደለም፤ ውሃ ከመምጣቱ በፊት ፍስስስ ብሎ ነው የሚጀምረው። አየር ይተፋል፣ ያስላል፣ ይንተፋተፋል፤ ሰው ሁሉ ባልዲ ይዞ በፒጃማ ይቆማል። ከዚያ አንድ ሲኒ የሚሞላ ቡናማ ውሃ ጠብ አድርጎ ዝም ይላል። ውጭ ያለው ቆጣሪ ግን በዚያ ፍስስታ ብቻ እየተሽከረከረ ነበር። በማግስቱ ለሚመለከታቸው ስናመለክት አንዱ «ቆጣሪ የሚያልፍበትን እንጂ ያለፈው ምን እንደሆነ አያውቅም» አለን። አየር ላይ ሂሳብ አልተጀመረም ያልኩትን እዚህ ላይ አንሡልኝ።

ስለ ኪስ ሳላወራ ላቁም ብል አይሆንልኝም፤ ይህ ግሥ ከሳንባ ቀጥሎ አዘውትሮ የሚውለው እዚያ ነው። ደሞዝተኛ በወሩ መጨረሻ ተነፈሰ አይባልም፤ «ተንፈስ አለ» ነው የሚባለው። ልዩነቱ ሰፊ ነው። የተነፈሰ ሰው ሳንባው ሙሉ ነው፤ ተንፈስ ያለ ሰው ግን አፍንጫውን ከውሃ በላይ አውጥቶ መልሶ ይገባል። ደሞዝ ከገባ በኋላ እኔ ተንፈስ የምለው የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ቤትና የሱቅ ዱቤ እስኪከፈል ነው። ሙሉ ትንፋሽ የሚገኘው በዕቁብ ብቻ ነው።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ የዕቁቡ ዕጣ ለኔ ወጣ። ዳኛው ስሜን ሲጠሩ ከወገቤ ቀና አልኩ። ባለቤቴ ያን ቀን ማታ መጋረጃውን ጋረደች፣ ልጆቹ መተኛታቸውን አረጋገጠች፣ ብሩን ቆጠርነውና ትራስ ሥር ካስገባችው በኋላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ለሰው ልጅ ትንፍሽ እንዳትል!» አለችኝ። እኔም አላልኩ፤ እሷም አላለች። ሌሊቱን እንዲህ የጣመ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም፤ ማንኮራፋቴን ጎረቤት ሰምቶታል አሉ።

ጠዋት ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ። ከመስከረም እስከ መስከረም ደውሎልኝ የማያውቅ የአክስቴ ልጅ ነው፤ ያ የቆርቆሮው ብር ባለቤት።

«ወንድሜ እንኳን ደስ ያለህ! ሰማን እኮ» አለኝ። «እሰይ፣ አንተ እንኳ ተንፈስ በልልን። እኔማ…»

በረጅሙ ተነፈሰና ስንት እንደሚበቃው ነገረኝ።